ከሦስት ፍርስራሽ አንድ መኪና፤ በሐይቅና በአምባሰል ጎዳና የአሮጌ መኪና ጥገናና ንግድ ታሪክ

አምባሰል ሲባል የብዙ ሰው ጆሮ ወደ ቅኝቱ ያዘነብላል፤ ሐይቅ ሲባልም ልቡና ወደ እስጢፋኖስ ገዳምና ወደ አባ ኢየሱስ ሞዐ ያመራል። ይህም የሚገባ ነው፤ አገሩ በዜማና በመጻሕፍት የከበረ ስለ ሆነ ስሙን ከዚያ ሊለየው የሚችል የለም። ነገር ግን ከገዳሙ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሐይቅን ከተማ መካከል ለመካከል ሰንጥቆ ያልፋል። ከደሴ እስከ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ በውጫሌ፣ በውርጌሳና በመርሳ አድርጎ ወደ ቆላው ይወርዳል። እንደዚህ ባሉት አውራ ጎዳናዎቻችን ላይ ከ80 ዓመት በላይ የኖረ፣ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን እምብዛም ብዕራቸውን ያላነሡለት አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም ያረጀ ወይም የወደቀ መኪና በርካሽ ገዝቶ፣ የሚድነውን ጠግኖ፣ የማይድነውንም ብልት በብልት ፈትቶ መሸጥ ነው።

ስለ መኪና ከመናገራችን በፊት ስለ መንኰራኵር አንድ ቃል ማለት ይገባል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከአምባሰል በስተ ምዕራብ ወዳለው መቅደላ ያደረሱት ገደሉ እየተናደ፣ ጐድጓዳው እየተደለደለ፣ በመቶ የሚቈጠር ሰው በገመድ እየጎተተ ነበር። መድፉ ዛሬም እዚያው ተራራ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ከባድ ብረት በወሎ ተራራ ላይ ሲሄድ ምን ያህል ጉልበት እንደሚበላ የአገሩ ሰው ያወቀው እንግዲህ መኪና የሚባል ነገር ከመታየቱ ከብዙ ዓመት አስቀድሞ ነው።

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ መኪናውን ከጅቡቲ አስነሥቶ፣ በረሓውንና ወንዙን አንዳንድ ጊዜ በሞተር ኃይል፣ አንዳንድ ጊዜም በሰው ጉልበት እያስጎተተ አዲስ አበባ አድርሶ ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ። በዚያው ሰሞን አርኖልድ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊም ሌላ መኪና ይዞ መጥቷል። ይህን ነገር ብዙ ሰው ያውቀዋል። ሰው ልብ የማይለው ግን በዚያው በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ያስነገሩት ሌላ ነገር መኖሩን ነው፤ እርሱም ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚያርሰውንና የሚነግደውን ሰው በሥራው ምክንያት መስደብ የሚከለክለው አዋጅ ነው። ባለእጅ ማለት ጠይብ፣ ጠይብ ማለትም ቡዳ እየተባለ፣ ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ገበሬው ራሱ የሚሸሽበት ዘመን ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ መኪናውን በተቀበሉበት ዓመት ስለ መዶሻ ባለቤት ክብር መናገራቸው በአጋጣሚ የሆነ ነው ብንልም እንኳ፣ ሁለቱ ነገሮች ኋላ በአንድ ሰው እጅ ላይ እንደሚገናኙ ያን ጊዜ ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

የመኪና ብዛት ወሎን ያጥለቀለቀው በደግ ጊዜ አልነበረም። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያው አምባሰል ውስጥ በውጫሌ የተፈረመው ውል ጠብን እንደ ወለደ፣ ጠቡም በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ እንደ ተፈረደ ልጅ ሁሉ በትምህርት ቤት የሚማረው ነው። ኢጣልያ ከ40 ዓመት በኋላ ስትመለስ ግን ከበቅሎ ይልቅ በሞተር ተማምና መጣች። ሠራዊቷ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ገባ፤ ሚያዝያ 18 ቀን ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,500 የሚበልጡ ካሚዮኖች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ጕዞ ጀመረ። ጣርማ በር ላይ ዝናቡና ጭቃው ጎማውን ይዞ ሲያስቸግረው ወታደሩ ሞተሩን ትቶ መንገድ መጥረግና ካሚዮን መግፋት ግድ ሆነበት፤ ያም ሆነ ይህ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

ከዚያ በኋላ ኢጣልያኖች ከአሥመራ በደሴ በኩል እስከ አዲስ አበባ የሚደርሰውን ጎዳና በድንጋይና በሬንጅ ሠሩት፤ የጣርማ በርንም ተራራ በ1930 ዓ.ም. ፈለፈሉት። ጎዳናው ውጫሌን ይነካል፤ ስለዚህ ውሉ የተፈረመበት አገር የካሚዮን መተላለፊያ ሆነ። በዚህ መንገድ ላይ ከሚመላለሱት ሁሉ ስሙ የቀረው ፊያት 634 ነው። ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራ፣ በናፍጣ የሚሄድ፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው ከባድ ካሚዮን ሲሆን፣ የእኛ ሰዎች የቍጥሩን መጨረሻ ይዘው «ትሬንታ ኳትሮ» አሉት። ከእርሱም ጋር ላንቺያ የተባለው ነበረ፤ ከላንቺያም ዓይነቶች አንዱ ሞተሩ አምስት ሲሊንደር ብቻ ስለ ነበረው ድምፁ ከሌላው ይለይ ነበር።

የአሮጌ መኪና ሥራ በእኛ አገር የተወለደው ይህ ሁሉ ሠራዊት በተሸነፈ ጊዜ ነው። የደቡብ አፍሪካ ጦር ከኮምቦልቻ ወጥቶ ደሴን የያዘው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር፤ ባዶሊዮ ካሚዮኖቹን ካሰለፈበት ቀን ጋር ልክ በአምስተኛው ዓመት መግጠሙን ልብ ይሏል። ከደሴ ወደ ሰሜን፣ በሐይቅና በወልድያ በኩል ያለው መንገድ ደግሞ የአኦስታው መስፍን በመጨረሻ ወደ መሸገበት ወደ አምባ አላጌ ያደርሳል፤ እርሱም በግንቦት ወር እጁን ሰጠ። ሠራዊት ሲሸሽ የማይነሣውን ያቃጥላል፣ ድልድዩን ያፈርሳል፣ ነዳጅ ያለቀበትን ገደል ይሰደዋል። በመንገዱ ዳር የቀረው ብረት ባለቤት አልነበረውም። እንግሊዞችም ደኅና ደኅናውን ካሚዮንና የወርክሾፕ መሣሪያ የጦር ምርኮ ነው በማለት ከአገር አወጡት፤ ይህም ያን ጊዜ በመንግሥታችንና በእነርሱ መካከል ትልቅ ቅሬታ ያስነሣ ነገር ነው። ስለዚህ ለአገሩ ሰው የቀረለት እንግሊዝ የናቀው ብቻ ሆነ፤ የተገለበጠው፣ የተቃጠለው፣ ሞተሩ የነከሰው።

ከዚህ ላይ የሥራውን ምሥጢር ማስረዳት ያስፈልጋል። መኪና እንደ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሞት አይሞትም። ገደል የገባ ካሚዮን ሻንሲው ይጣመማል፣ ጋቢናው ይደቃል፤ ሞተሩና ካንቢዮው ግን ብዙ ጊዜ ደኅና ናቸው። እሳት የበላው ደግሞ ሽቦው፣ ጎማው፣ መቀመጫውና ቀለሙ ይጠፋል፤ ዲፈረንሻሉና ባሌስትራው ግን እሳቱ ካልበረታ በቀር ይተርፋሉ። ዘይት አልቆበት ሞተሩ የነከሰውም በውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም፤ ሻንሲው ቀጥ ያለ ነው፣ በሩ ይዘጋል፣ መሪው ይዞራል። እንግዲህ ሦስት ልዩ ልዩ ሞት የሞቱ ሦስት ካሚዮኖች የተገኙለት ብልህ ሰው፣ የአንዱን ሞተር ከሁለተኛው ዲፈረንሻል ጋር በሦስተኛው ሻንሲ ላይ ቢያስቀምጥ አንድ ሕያው ካሚዮን ያወጣል። የተረፈውንም ቢሆን አይጥለውም፤ ዲናሞውን፣ ራዲያተሩን፣ ቸርኬውን፣ ኩሽኔታውን እያንዳንዱን ለየፈላጊው ይሸጠዋል። ነገሩ የበዓል ቅርጫን ይመስላል፤ በሬው በሙሉ ከተገዛበት ዋጋ ይልቅ መደቡ ሲደመር ይበልጣል። ልዩነቱ በቅርጫ ሁሉም ሰው ከየብልቱ እኩል ሲደርሰው፣ በመኪና ግን ልብ ፈላጊው ልብ፣ እግር ፈላጊው እግር ይዞ መሄዱ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር በመጽሐፍ ተምሮ የሠራው ሰው ጥቂት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ የቀሩ ኢጣልያኖች ነበሩ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባለእጆቹ እንዲቀሩ ፈቅደው፣ እነዚህ ሰዎች በየከተማው ጋራዥ ይዘው ሠሩ። አጠገባቸው ቁልፍ የሚያቀብል፣ ብሎን በናፍጣ የሚያጥብ የአገር ልጅ ቆመ። ያ ልጅ የሥራውን ስም የሰማው ከጌታው አፍ ስለ ሆነ ዛሬም ቋንቋችን ይህን ታሪክ ተሸክሞ ይኖራል። መኪና ራሱ የኢጣልያ ቃል ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንቢዮ፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ላሜራ፣ ጋቢና፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፣ ቶርኖ፣ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። ሠራተኛውም ጎሚስታ ወይም ባትላሜራ ይባላል። ጋራዥና ሾፌር ግን የፈረንሳይ ቃላት ናቸው። የአገሩ ልጅ ከራሱ አፍ የጨመረው ደግሞ ስም ሳይሆን ግሥ መሆኑ ያስገርማል፤ ሞተር «ይወርዳል»፣ «ይነክሳል»፣ ዘይት «ይበላል»፣ መኪና «ይታረዳል»። ዕቃው በባዕድ ቋንቋ ይጠራል፤ የሚያገኘው መከራ ሁሉ በአማርኛ ይነገራል።

ጓርኒሲዮን ሲጠፋ ከካርቶንና ከስስ ቆርቆሮ ቈርጦ መተካት፣ የተበላውን ዘንግ በብየዳ አወፍሮ በቶርኖ መሞረድ፣ የቀለጠውን ብሮንዚን እንደ ገና ማፍሰስ የዘወትር ሥራ ነበር። አንድ ሲሊንደር በሥራ ብዛት ክብነቱን ትቶ ሞላላ ሲሆን፣ ባለ ቶርኖው ይሰፋዋል፣ መካኒኩም ከፍ ያለ ቍጥር ያለው ፒስቶን ይፈልግለታል፤ ከተገኘ መኪናው ዕድሜ አገኘ፣ ካልተገኘ ለእርድ ይቀርባል። የጥገናና የእርድ ድንበር ይህች ናት፤ አንዲት ፒስቶን መገኘቷና አለመገኘቷ። ሙያ የሌለው ሰው አሮጌ መኪና የሚፈርሰው ስላረጀ ይመስለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚፈርሰው መለዋወጫው ባለመምጣቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ቀጥቃጩ እንናገር፤ የመኪናው ሥጋ ሁሉ አልቆ አጥንቱ ሲቀር የሚደርሰው ወደ እርሱ ነውና። ባሌስትራ የሚሠራው ከጠንካራ ብረት ነው፤ ሸክም ሲጫነው ተለጥጦ፣ ሸክሙ ሲነሣለት የሚመለስ እንዲሆን ተብሎ የተበጀ ስለ ሆነ፣ በእሳት ግሎ ሲነከር ስለት ይይዛል፣ በድንጋያማ መሬትም ቶሎ አይበላም። የአገራችን ቀጥቃጭ ይህን ያወቀው ያለ ትምህርት ቤት ነው። በወናፍ አግሎ፣ በጉጠት ይዞ፣ በመስፍ ላይ እየቀጠቀጠ ማረሻ፣ መጥረቢያ፣ ማጭድና ቢላዋ ያወጣበታል። ከፋብሪካ የሚገዛው ብረት ውድ በሆነበት አገር ገበሬው እርሻውን የሚያርሰው በመኪና አጥንት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያለቀው ጎማም በረባሶ ይሆናል፣ የዘይቱ በርሜልም ተዘርግቶ በርና መዝጊያ ይወጣዋል።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሰው ግን በ1900 ዓ.ም. አዋጅ የተነገረለት ያው ባለእጅ ነው። ስድቡ በአዋጅ አልጠፋም። እኔ እንደሚመስለኝ ስድቡን ከአዋጁ ይልቅ ያደከመው ሞተር ነው። በወናፍ የሚሠራውን አባት ሰው ሲሸሸው፣ ልጁ በጋራዥ ውስጥ ያንኑ ብረት በብየዳ ሲሠራ ግን «መካኒክ» ተባለ፤ ሠርግ ተጠራ፣ ልጅ ዳሩለት። ሥራው ያው የብረት ሥራ ነው፤ ስሙ ብቻ ባሕር ተሻግሮ መጣ። ይህ ለባለእጁ ዕረፍት ቢሆንም ለእኛ ግን የሚያስደስት ነገር አይደለም፤ የገዛ ቋንቋችን ያዋረደውን ሰው የባዕድ ቃል አከበረው ማለት ነውና። የወናፉ ቀጥቃጭም በብዙ ቦታ እስከ ዛሬ ከጎረቤቱ ጋር እንደ ልብ አይቀላቀልም።

ወደ ጎዳናው እንመለስ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ፣ ከዓለም ባንክ በተገኘው 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ኢጣልያ ትታው የፈራረሰውን መንገድ ማደስ ተጀመረ። መንገዱ ሲታደስ አዲስ መኪናም መጣ። በ1944 ዓ.ም. ከፋብሪካ መውጣት የጀመረው ፊያት 682 በአፍሪካ ጎዳናዎች ሁሉ ነግሦ ነበር፤ በእኛ አገርም «ኤንትሬ» የተባለው የእርሱ ዓይነት ነው። መካኒኩ ኢጣልያንኛውን ቀድሞ ስለሚያውቅ ይህን ካሚዮን እንደ ዘመድ ተቀበለው። በከተማም ፎልክስ ዋገን በዛ፤ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተር የሌለው በመሆኑ ውሃ አያፈላም፣ አንድ ሰው በጥቂት ቁልፍ ሞተሩን ሊያወርደው ይችላል። የዚያ ዘመን ቮልስ ዛሬም በየከተማው ሲሄድ የምናየው ከመጀመሪያው ዕቃው ስንቱ እንደ ቀረለት ባለቤቱ እንኳ ሳያውቅ ነው። ደሴም በወይዘሮ ስኂን ስም የተጠራው ትምህርት ቤት ነበራት፤ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት የእኒህ ወይዘሮ ስም ዛሬ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ መጠሪያ ሆኗል፤ ከአሮጌ መኪና ሥር ተኝቶ የሚማረው ልጅና በሰሌዳ የሚማረው ልጅ በአንድ ከተማ ጎን ለጎን አደጉ።

የዚህን ሥራ ዋጋ በብር ብቻ የሚመዝን ሰው 1977 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ በገባ ጊዜ የተራበው ሕዝብ ወደዚህ ጎዳና ዳር ወጥቶ የሚያልፈውን መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ ከፍቶ ሲመለስ ደግሞ እህል በአሰብ ወደብ ደርሶ ሳለ ወደ ደጋው የሚያወጣው መኪና አጠረ። ካሚዮን ጭራሽ ስላልነበረ ብቻ አይደለም፤ ያለውም ጎማ፣ መለዋወጫና ነዳጅ አጥቶ የቆመበት ጊዜ ስለ ነበረ ነው። የአንድ ፍሪሲዮን ዲስክ መጥፋት አንድ ካሚዮን ያቆማል፤ አንድ ካሚዮን ሲቆም አሥር ቶን ያህል እህል ሳይጫን ይቀራል፤ ያ እህል የስንት ቤት ቀለብ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ኮረም የተሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ሰው ይመስክር። በዚያን ጊዜ አንዱን አርዶ ሌላውን የሚያስነሣ መካኒክ የሠራው ሥራ የንግድ ሥራ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ስሙ ግን በየትኛውም ሪፖርት ላይ አልተጻፈም።

የደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ የጠበበበት፣ የመኪና ዕቃም የራቀበት ዘመን ስለ ነበረ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ደራ። በመርካቶ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ፣ ምናለሽ ተራ ደግሞ የቁርጥራጩ ሁሉ መናኸሪያ በመሆን ስማቸው ገነነ፤ ከወሎ የሚሄደው ባለ ጋራዥ የጎደለውን የሚፈልገው እዚያ ነው። በዚያ ዘመን የመጣው ላዳ ታሪኩ ደስ ይላል። መኪናው የሶቪየት ኅብረት ሥራ ይባል እንጂ በ1958 ዓ.ም. ከፊያት ጋር በተደረገ ስምምነት፣ የፊያት 124ን ንድፍ ይዞ የተሠራ ነው፤ ፋብሪካው የቆመበትም ከተማ ቶልያቲ ተብሎ በአንድ የኢጣልያ ኮሙኒስት መሪ ስም ይጠራል። እንግዲህ የእኛ መካኒክ ኮፋኖውን ሲከፍት ያየው ሩሲያን ሳይሆን የድሮ ጌታውን የኢጣልያኑን እጅ ነው። ላዳ በአዲስ አበባ በሰማያዊና በነጭ ቀለም ታክሲ ሆኖ ያን ያህል ዘመን የኖረው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ይህን ሥራ እያመሰገንሁ ነውሩን ብሸፍን ግን ታሪክ አይሆንልኝም። አሮጌ መኪና አስጊጦ የሚሸጥ ሰው የሚሠራቸው ተንኰሎች አሉ። የተበላውን ላሜራ በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይቀባዋል፤ ገዢው ማግኔት ይዞ ካልመጣ ስቱኮውን ከብረቱ አይለየውም። የሚያንኳኳውን ሞተር ወፍራም ዘይት ያጠጣዋል፤ ድምፁ ለጥቂት ቀን ጸጥ ይላል። ቆጣሪውን ወደ ኋላ ይመልሳል። በሌሊት ከሰው መኪና ላይ የተነቀለ ስፖኪዮ በማግሥቱ በገበያ ላይ ይገኛል፤ ባለቤቱም የገዛ ዕቃውን መልሶ የሚገዛበት ጊዜ አለ። የታረደ መኪና ሊብሬ ከሌላ ሻንሲ ጋር እንዳይገናኝ የሞተርና የሻንሲ ቍጥር በጥንቃቄ የሚመረመረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የፍሬን ነገር ነው። ከደሴ ወደ ሐይቅ ሲወርዱ፣ ይልቁንም ከውጫሌ ወዲያ ወደ መርሳ ሲያቈለቍሉ፣ ጭነት ያለው መኪና ክብደቱን ሁሉ የሚጥለው በፍሬኑ ሸራ ላይ ነው። ሸራው ካለቀና ታምቡሩ ከጋለ ፔዳሉን ቢረግጡት የሚይዝ ነገር የለም። ሞተር ቢነክስ መኪናው ይቆማል፤ ፍሬን ቢበጠስ መኪናው አይቆምም፤ ስለዚህ ሞተርን ከአሮጌ ዕቃ ማዳን ጥበብ ሲሆን፣ የፍሬን ሸራን ከአሮጌ መኪና ነቅሎ በሌላ ላይ መግጠም በሰው ነፍስ መነገድ ነው። ደኅና መካኒክ ይህን ልዩነት ያውቃል፤ ለፍሬን ሲሆን ደንበኛው ገንዘብ የለኝም እያለ ቢለምነውም እንኳ እሺ አይልም።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በሩ እንደ ገና ተከፍቶ፣ በዐረብ አገርና በኤውሮፓ ያገለገለ የጃፓን መኪና በብዛት ገባ። ቶዮታ በከተማው ሠለጠነ፣ በሐይቅ ጎዳናም አይሱዙ እህልና ሸቀጥ ጭኖ ተመላለሰ፤ በከተማው ውስጥ ደግሞ ባጃጅ የጋሪን ቦታ ወሰደ። መካኒኩ ፊያቱን ትቶ ጃፓንኛውን ተማረ፤ ስሞቹን ግን አልለወጠም፤ የኮሮላም ፍሪሲዮን ፍሪሲዮን ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ በዚሁ መንገድ አልፎ ሐይቅንና ደሴን ሲደርስ ንብረት ጠፋ፣ ሰውም ተሰደደ፤ በ1933 ዓ.ም. እንደ ነበረው ሁሉ የጦርነቱ ብረት በሰሜን ወሎና በደቡብ ወሎ ጎዳና ዳር ወድቆ ታየ።

በሩ የሚዘጋበት ጊዜም ዳግመኛ መጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ያገለገለ መኪናን በዕድሜው ልክ ቀረጡን እያበዛ አከበደው፤ ዓላማውም ያረጀ መኪና አገሩን እንዳያጨናንቅና አየሩን እንዳይበክል ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከናካቴው እንዳይገባ መንግሥት ከለከለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው እንዲተካው ፈለገ። የነዳጅን ወጪ ለሚያስብ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነገር ግን ውጤቱ ከዚህ ታሪክ አንጻር ሲታይ ያልታሰበ ሆነ፤ አሮጌው መኪና አልሞተም፣ ተወደደ። ከ30 ዓመት በፊት የተሠራ ኮሮላ ከተገዛበት በብዙ እጥፍ ይሸጣል፤ ለእርድ ይሄድ የነበረው እየተመለሰ ይጠገናል፤ የወደቀውም ብልቱ እንደ ወርቅ ይፈለጋል። በ1933 ዓ.ም. እንግሊዝ ደኅናውን ሲወስድ፣ በደርግ ጊዜ ምንዛሪ ሲጠፋ፣ ዛሬም ቀረጡ ሲከብድ፣ በሩ በተዘጋ ቍጥር አገሩ የሚያንኳኳው የአንድን ሰው ደጅ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ ግን አዲስ ጥያቄ ያመጣል። ካንዴላ የለውም፣ ካርቡራቶር የለውም፣ ማርሚታም የለውም፤ ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነው። ባትሪው የደከመ እንደ ሆነ በቶርኖ አይሰፋም፣ በብየዳ አይወፍርም፤ ያለ ጥንቃቄ የከፈተውንም ሰው የኤሌክትሪኩ ኃይል ሊገድለው ይችላል። ሕመሙን የሚናገረውም በድምፅ ሳይሆን በኮምፒውተር ነው፤ ጆሮውን በሞተር ላይ ደግፎ በሽታውን የሚለየው አዛውንት መካኒክ እዚህ ላይ የሚሰማው የለም። ይሁን እንጂ ባትሪው በክፍል በክፍል የተደረደረ እንደ መሆኑ መጠን፣ የሞተውን ክፍል አውጥቶ ከሌላ ከወደቀ መኪና ደኅናውን መግጠም የሚቻል ነገር ነው፤ በሌላው ዓለም ይህን የሚሠሩ ጋራዦች አሉ። በእኛም አገር ወጣቶች ከስልክና ከኮምፒውተር ጥገና ተነሥተው ወደዚህ እየተጠጉ ነው። እነዚህ ልጆች ለዚህ ዕቃ የሚሰጡት ስም ኢጣልያንኛ አይሆንም፤ ግሡን ግን ከአባቶቻቸው የወረሱ ይመስላል፤ ባትሪው ሲደክም ያው «ሞተ» ነው የሚሉት።